የእመቤት ሸክላ

ባለፈው መስከረም ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ሄጄ በድሮው ሰፈራችን ሳልፍ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ አየሁ። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ የሱፍ ብርድ ልብስ ፀሐይ ሲያገኝ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ በግ በግ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል። የደብረ ብርሃን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላው ሰው ሲሸተው ክረምት ወጣ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። እኔን ግን ቅናት ቅናት ይሸተኛል። አጥሩ ሥር ቆሜ ተመልሼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ እህቴ እመቤት ወደ ቤታችን የመጣችበት ክረምትም እንዳለ መጣብኝ።

አባቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግን ነበር። ልቡ ግን ያለው የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ላይ ነው። ከፈረቃው ሲወጣ ከተዘጉ ቡና ቤቶች፣ ከጡረተኞች ቤት፣ አባወራው ከሞተበት ቤት እየዞረ ሸክላ ይገዛል። አጥቦ፣ አድምጦ፣ ደረጃ አውጥቶ አቶ ሲሳይ ለሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ ይሸጣል፤ አቶ ሲሳይም ለፈረንጅ ሰብሳቢዎች ይሸጣል። ዘፈን ያለበትም ገዢ አያጣም፤ ከሁሉ የሚፈለገው ግን ዘፋኝ የሌለበት ነበር፤ ሳክስፎኑ፣ ኦርጋኑና ድራሙ ብቻቸውን የሚነጋገሩበት። አባቴ ጃዝ ይለዋል። እማዬ “ዘፋኙ የቀረበት ሠርግ” ትለው ነበር።

ሥራው የሚሠራው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ሸክላውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትሎ ዙሪያውን ያጥበዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያደርቀውና ሸክላ ማጫወቻው፣ ፒክአፑ ላይ ያስቀምጠዋል። ጭረት የሌለበት ሀ፣ ትንሽ የሚንኮሻኮሽ ለ፣ መርፌው የሚዘልበት ሐ ይባላል። እኔ ከፒክአፑ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሥራ የለኝም፤ የሸክላዎቹን ሽፋን እያየሁ መቀመጥ ብቻ ነው። ግን አባቴ በሳምንት ውስጥ የማይጮህብኝ ያን ሰዓት ብቻ ስለነበር በርጩማዋን እንደ ርስቴ ነበር የምቆጥራት። አባቴ ጯሂ ነው። “ሰናይት!” ብሎ ሲጣራ፣ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖረው ሌላዋ ሰናይትም “አቤት” ትል ነበር።

አንድ ሸክላ እንዲደግምልኝ ብለምነው “መርፌው ይበላዋል” አለኝ አንድ ቀን። ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት። ሙዚቃው በተጫወተ ቁጥር እየተበላ፣ እየተበላ ሄዶ መጨረሻ ላይ ባዶ ሸክላ ይቀራል ብዬ አመንኩ። ስለዚህ የምወደው ሲጫወት የእኔን ድርሻ ለማትረፍ ጆሮዬን በጣቴ እደፍን ነበር። በጣም የምሳሳላት ሽፋኗ ላይ ቢጫ ጥላ የያዘች ሴት ያለችባትን ነበር። አባቴ አንዴ እየሳቀ “ይቺ የሰናይት ናት” ብሎ ነበርና፣ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ የራሴ ሸክላ አለኝ ብዬ አውርቻለሁ።

ሰኔ ሊገባ ሲል አባቴ አንዲት ረጅም ቀጭን ልጅ አስከትሎ ከአንኮበር መጣ። እማዬን ከማግባቱ በፊት አንኮበር ውስጥ ልጅ እንደወለደ አውቃለሁ፤ ግን ስም ብቻ ነበረች። እናቷ አልማዝ ልጅቷ ሕፃን ሳለች ሞታ አያቷ ናቸው ያሳደጓት። አያቷ ደክመው ወንድ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ፣ እመቤት ወደ አባቷ መጣች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው በደል ስሟ ነበር፤ ሰው እቤታችን በገባ ቁጥር እመቤት ተብላ ስትጠራ መስማት ነበረብኝ።

እማዬ ደህና አድርጋ ተቀበለቻት። አልጋዬ ላይ በግድግዳው በኩል አስተኛቻት፤ ያ ደግሞ የሚሞቀው ጎን ነው። ዶሮ ሲሠራ እንቁላሉ መጀመሪያ ለእሷ ይወጣል። እሷ አባቴን “እርስዎ” ትለዋለች፤ እሱ “እመቤትዬ” ይላታል፤ ድምፁንም ለቄስ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ያደርገዋል። በሁለተኛው ሳምንት ፔርሙሱን ሰበረች። እኔ በፋሲካ አንድ ስኒ ሰብሬ እስከ ዳግም ትንሣኤ ስሰማው ነበር። እሷን ግን “አይዞሽ እመቤትዬ፣ ዕቃ ነው፤ እግርሽን አልወጋሽም?” አላት። የፔርሙሱን ስብርባሪ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት እሑዱን ነው።

የመጀመሪያው እሑድ በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ፒክአፑ ላይ አንድ ሳክስፎን ያለቅሳል። እመቤት ለራሷ እንደምታወራ ሆና “አንዱ ዘገየ” አለች።

አባቴ መርፌውን አነሣ። “ምን አልሽ?”

“ከኋላ ያለው፣ ድምፁ ወፍራም የሆነው። አንድ ቦታ ላይ ዘግይቶ ገባ፤ ከዚያ ሮጦ ደረሰባቸው።”

አባቴ መልሶ አጫወተው። ለእኔ አንድ ቀን ደግሞልኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ ለእሷ ሦስት ጊዜ ደገመው። እውነቷን ነበር። ቤዝ ተጫዋቹ አንዲት ምት ዘግይቶ ነበር፤ አባቴ ያን ሸክላ ስንት ዓመት ሰምቶት ልብ ብሎ አያውቅም።

“ይህን ከየት ተማርሽው?” አላት።

“አልተማርኩትም። አንኮበር ጉም ሲወርድ መኪና አይታይም። ዳገቱን ሲወጣ የማን እንደሆነ የምናውቀው በድምፁ ነው። ፍሬኑ የሚንሲያጠጥ አለ፤ ጭነት የበዛበት አለ።”

አባቴ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከዚያ በርጩማዋን አሳያት፤ እኔ የተቀመጥኩባትን። “ሰናይት፣ ተነሺላት እንጂ። እንግዳ ቆማ አንቺ ትቀመጫለሽ?”

ተነሣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድን ያሳለፍኩት በር ላይ ቆሜ ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ሳትደፍን፣ የአባቴን ሙዚቃ በሙሉ ስትበላው አየሁ። አንዲት የአንኮበር ልጅ በአንድ ክረምት ጨርሳው ለእኔ ባዶ ሸክላ እንደምትተውልኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

አቶ ሲሳይ በየሁለት ሳምንቱ በነጭ መኪና ይመጣ ነበር። ባርኔጣውን የማያወልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ያየዋል፤ አባቴ “ሀ ነው” ሲል እሱ “ለ ናት ወንድሜ” ይላል፤ በዚህ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። ሐምሌ ላይ እንዲሁ ሲከራከሩ አባቴ ወደ እመቤት ዞረ። “አንቺ ፍረጂ” አላት።

አዳመጠች። “ሀ አይደለም” አለች፤ “መሀሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭረት አለች። ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገች።”

በገዛ አባቷ ላይ መሰከረች ማለት ነው። እኔ ብሆን ጣሪያው ይነሣ ነበር። አባቴ ግን ኮራ። አቶ ሲሳይም በመገረም አይቷት፣ “ከዚህ በኋላ እሷ ያዳመጠችውን እኔ ደግሜ አልመረምርም፤ ባወጣችለት ደረጃ እወስዳለሁ” አለ። እውነትም ከዚያ ወዲህ ክርክር ቀረ።

እኔም ዝም ብዬ መቅረት አልሆነልኝም። ከበሩ ላይ “ትራምፔቱ ግን ጥሩ ነው” አልኩ።

አቶ ሲሳይ በትሕትና ዞር ብሎ “የትኛው ትራምፔት፣ የኔ ልጅ?” አለኝ። ለካ ሸክላው ላይ ትራምፔት የለም።

“ሰናይት፣ ሂጂ ውሃ አምጪ” አለ አባቴ። ማንም ውሃ አልጠማውም ነበር። ጓዳ ገብቼ የእንስራውን አፍ ይዤ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን ደብረ ሲና አንድ የድሮ ቡና ቤት ዕቃውን እየሸጠ ነው ተብሎ፣ አባቴ እመቤትን ይዞ ሄደ። ልሂድ ብዬ ለመንኩ። “አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ጆሮሽ እኮ ጥሪ እንኳ አይሰማም” አለኝ። እውነት ለመናገር ሲጠራኝ የማልሰማው አውቄ ነበር። ማታ አንድ ሳጥን ሸክላና ለእኔ የሚሆን ሸንኮራ ይዘው ተመለሱ። እመቤት መንገዱን፣ የጣርማ በርን ጉም፣ ሸክላውን ባለቤቲቱ የዳቦ መክደኛ አድርገውት እሷና አባቴ እንዴት እንዳገኙት ነገረችኝ። አልጋ ላይ “ከዚያስ?” እያልኩ ሁሉንም አስወራኋት፤ ባወራች ቁጥርም ጠላኋት። ሸንኮራውን አልነካሁትም። እማዬ ለጎረቤት ልጆች ስትሰጠው ግን አንጀቴ አረረ።

ነሐሴ ላይ እመቤት ከሻንጣዋ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ነጠላው የእናቷ ነው። ውስጡ አንድ ሸክላ አለ። መሀሉ ላይ፣ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ፣ በአረንጓዴ ብዕር “ለአልማዝ፤ ከደምሴ” ይላል። ደምሴ አባቴ ነው። ጽሑፉን ያወቅኩት ወዲያው ነው፤ ካርዴ ላይ ሲፈርም ደ-ን እግሯን እንደዚያው ነው የሚያስረዝማት። አባቴ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት አንኮበር አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሸክላ ቀያሪ ነበር። ሲለቅ ባለቤቱ ያችን ሸክላ መርቀው ሰጡት፤ እሱም ለአልማዝ ሰጣት።

አባቴ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እማዬም በትከሻው በኩል አነበበችና “ጽሑፍህ ያኔም አያምርም ነበር” ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ የድስት ክዳን ድምፅ በዛ። ያን ጊዜ በራሴ ቅናት ላይ የእማዬን ደረብኩበት። እማዬ ግን በነጋታው ረስታው ነበር፤ እኔ ነኝ ይዤው የቀረሁት።

ሸክላዋ በጣም የምትፈለግ ሆና ተገኘች። አቶ ሲሳይ ሲያያት ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ። ስም የተጻፈባት መሆኑ ዋጋዋን ቢቀንሰውም እፈልጋታለሁ አለ። እማዬ የጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ አስታወሰችው። አባቴ ግን “የልጅቷ ናት። አትሸጥም” አለ። አቶ ሲሳይ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ሌሎች አወጣለት። ከመካከላቸው ባለ ቢጫ ጥላዋ ነበረች።

“አባባ፣ እሷ የእኔ ናት” አልኩት።

“የትኛዋ?”

“የሰናይት ናት ብለህ ነበር።”

አልዋሸም፤ ጨርሶ ረስቶት ነበር። “ጨዋታ እኮ ነው። ይሄ ሸቀጥ ነው፤ ደግሞ አንቺ መች ትሰሚዋለሽ? ጆሮሽን ስትደፍኚ አይደል የማይሽ?” አለና ጠቅልሎ ሰጠው። ለምን እንደምደፍን ጠይቆኝ አያውቅም።

መስከረም ጠባ። በእኛ አገር ክረምቱ ሲያልፍ፣ የመጀመሪያዋ ደህና ፀሐይ የወጣች ቀን ቤት ይገለበጣል። ብርድ ልብሱ፣ ፍራሹ፣ ጋቢው፣ ትራሱ፣ የሻገተ ደብተር ሳይቀር ደጅ ይወጣል። ያን ቅዳሜ አባቴ ፋብሪካ ነው። እማዬ “ያለውን ሁሉ አውጥታችሁ አስጡ” ብላ ገበያ ሄደች። እኔና እመቤት አውጥተን ስንጨርስ፣ እሷ ልብስ ልታጥብ ወደ በሬሳ ወንዝ ወረደች። ግቢው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

ያለውን ሁሉ ተብሏል። ነጠላውን ፈታሁ። እርጥበት ገብቷታል፣ ትናፈስ አልኩ ለራሴ፤ ድምፄን አውጥቼ፣ ዶሮዎቹ እንዲሰሙኝ። ግን አውቃለሁ። አባቴ “ሸክላ ፀሐይ አይችልም፣ እንደ ቅቤ ነው” ሲል አንድ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትና ያልረሳሁት ነገር ቢኖር ያ ነበር። የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ፣ ፀሐይዋ በምትፋጅበት በኩል አስቀመጥኳትና ቤት ገባሁ። ስመለስ ጠርዟ ተቆልምሟል፤ ጽሑፉ ብቻ እንደነበረ ነው። በነጠላው መልሼ ጠቅልዬ ቦታዋ ከተትኳት።

በማግስቱ አቶ ሲሳይ መጣ። ካልሸጣችኋት እንኳ አንዴ ልስማት አለ። አባቴ “እስቲ አምጪያት፣ እመቤትዬ” አላት። ነጠላውን ስትፈታ እጇ መሀል ላይ ቆመ። አባቴ ከእጇ ወስዶ ፒክአፑ ላይ አኖራት። መርፌው ወጣ ወረደ፤ ሳክስፎኑ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። አቶ ሲሳይ “የፀሐይ ሥራ ነው” አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ።

አባቴ መርፌውን አነሣ። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። “ማን ነው ፀሐይ ላይ ያወጣት?”

ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

“እኔ ነኝ” አለች እመቤት። “እርጥበት እንዳይበላት ብዬ።”

አባቴ አያት። የተወጠረው አንገቱ ሲላላ አየሁት። “አይዞሽ” አላት በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፤ “ባለማወቅ ነው። አይዞሽ፣ እመቤትዬ።”

መዳኔ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን ቅናት አቃጠለኝ። ጥፋቴን እንኳ ወስዳብኝ፣ እኔ ያላገኘሁትን ይቅርታ አገኘችበት።

ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። የትናንቱን ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር።

“ለምን ዋሸሽ?” አልኳት።

“አንቺ እንደሆንሽ አውቄያለሁ። ነጠላውን የጠቀለልሽው በግልባጭ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? እንዳይገርፈኝ ብለሽ ነው?”

“አይደለም” አለች። የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዥልኝ አለችኝ፤ ያዝኩላት። “እንዲቆጣኝ ብዬ ነው። የእናቴ ሸክላ ናት፤ ለዚህስ እንኳ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አይዞሽ አለኝ።” ድምፁን አስመስላ ነው የተናገረችው፤ እንባዋ መጣ። “ፔርሙሱን የሰበርኩት ሳላውቅ ነው። ወተቱን ያገነፈልኩት ግን አውቄ ነው። አይዞሽ አለኝ። አንቺን ‘ሰናይት!’ ብሎ በጮኸብሽ ቁጥር እቀናለሁ። እንግዳን ማን ይቆጣል? ጥላሁን የሚባለው የአጎቴ ልጅ ሲመጣ አያቴም እንደዚሁ ነበሩ፤ እስኪሄድ ድረስ አይቆጡትም።”

ብርድ ልብሱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ክረምቱን ሙሉ እንቁላሉን፣ የግድግዳውን በኩል፣ የለሰለሰውን ድምፅ ስቆጥርባት፣ እሷ ለካ የእኔን ጩኸት ትቆጥር ነበር። ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም። ደስታ ነው። ሰው ቀናብኝ። ያን ስሜት ትንሽ ልያዘው ብዬ ብርድ ልብሱን አራት ቦታ እስኪታጠፍ ድረስ ዝም አልኩ። ከዚያ እሷ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ስትጠርግ አየሁና የእናቷ ሸክላ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሳሎን ገባሁ። አባቴና አቶ ሲሳይ ተቀምጠው የተቆለመመችውን ሸክላ ያገላብጣሉ። “እኔ ነኝ ያወጣኋት” አልኩ።

“አውቀሽ ነው?”

“አውቄ ነው። የእኔን ሸጠህ የእሷን አስቀመጥክ።”

አባቴ ተነሥቶ ጆሮዬን ያዘና ጠመዘዘው፤ በእግሬ ጣቶች ጫፍ እስክቆም። ከዚያ ወደ ጓሮ በር ዞሮ “እመቤት!” አለ።

“እመቤትዬ” አላለም። ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማው፣ እስከዚያ ቀን የእኔ ብቻ የነበረው ድምፁ ነው። እየሮጠች ገባች።

“አንቺስ! እኔ ቤት ውስጥ ውሸት ከመቼ ወዲህ ነው? ማን አስተማረሽ?” በሌላ እጁ የእሷን ጆሮ ያዘ። አቶ ሲሳይ ባርኔጣውን አንሥቶ “እኔ ልሂድ” አለ፤ የሰማው የለም። ሁለታችንን ግራና ቀኝ ይዞ፣ ስለ ሸክላው፣ ስለ ውሸቱ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ ፔርሙሱ ሳይቀር ጮኸ። ፔርሙሱን ለካ አልረሳውም። እመቤት እያለቀሰች ነበር፤ ፊቷ ግን ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ነው። “ይቅር በለኝ አባባ” አለችው። “እርስዎ” ማለቱንም ረስታዋለች።

ሲለቀን ጓዳ ገብተን የእማዬን መስታወት አወረድን። ጎን ለጎን ቆመን ጆሮዎቻችንን አየን። አገላብጬ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አስተያየኋቸው። የእሷ ይበልጥ ቀልቶ ነበር።